ከሴራሚክ በታች ያለው ወለል

የቤተ ሰብ ገንዘብ ሳይታወቅ ከሚፈስባቸው ቀዳዳዎች አንዱ የቤት ዕድሳት መሆኑን፣ ቤት ያደሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይልቁንም ወለልንና የመታጠቢያ ቤትን ግድግዳ ሴራሚክ ማልበስ በዛሬው ጊዜ በከተማችን እንደ ግዴታ ተቈጥሮ፣ የዓመት እቁብ የሚውልበትና ከዘመድ ብድር የሚጠየቅበት ጉዳይ ሆኗል። ይህንንም ስንል ነገሩ የሚነቀፍ ነው ማለታችን አይደለም፤ በውኃ ታጥቦ የሚጠራ ወለል ለሕፃናት ጤና፣ ለእመቤቲቱም ድካም ማቅለያ ነውና። ነገር ግን በዚህ በቀራንዮ ሠፈራችን ሲነጠፍ ካየነው ሴራሚክ መካከል ሁለት ክረምት ሳያልፍበት የተነሣው፣ የተሰነጠቀው፣ ወይም ሲረግጡት እንደ ባዶ ቅል የሚጮኸው ጥቂት አይደለም። ምክንያቱን ከየባለቤቱ ስንጠይቅም፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሴራሚኩ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ነገር ሆኖ አገኘነው። ሴራሚክ የሚሸፍን እንጂ የሚጠግን ነገር አይደለም።

በሠፈራችን ካሉት ነባር ቤቶች ብዙዎቹ በባሕር ዛፍ እንጨት ቆመው ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረጉ፣ ከላይ በሲሚንቶ የተለሰኑ፣ ወለላቸውም ሊሾ የሆነ ናቸው። ሊሾ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ለስላሳ ማለት ነው፤ ስሙም እንደሚመሰክረው ግንበኛው ሲሚንቶውን እስኪያብረቀርቅ ድረስ አሽቶ የሚጨርሰው ወለል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ከልስላሴው ነው። አዲስ የአሸዋና የሲሚንቶ ድብልቅ በለሰለሰ ወለል ላይ ቢፈስ የሚጨብጠው ሸካራ ነገር ስለማያገኝ፣ ተቀምጦ ይደርቃል እንጂ አይጣበቅም። ስለዚህ እናቶቻችን የወፍጮውን ድንጋይ እህል አልይዝ ሲላቸው እንደሚወቅሩት ሁሉ፣ ሊሾውም በመሮና በመዶሻ ተወቅሮ፣ አቧራው ተጠርጎና በውኃ ርሶ ካልሆነ በቀር ሴራሚክ ሊቀመጥበት አይገባም። ይህ ሥራ አድካሚና አቧራማ በመሆኑ ብዙ ሠራተኛ ሊዘለው ይወዳል፤ ባለቤቱም የቀን ሒሳብ ስለሚያተርፍ ደስ ይለዋል።

አንድ በጡረታ የሚኖሩ ጎረቤታችን የልጃቸው ሠርግ ደርሶባቸው በጥድፊያ ሳሎናቸውንና ማድ ቤታቸውን አስነጠፉ። ሊሾው አልተወቀረም። ሠራተኛውም በየሴራሚኩ ጀርባ አራቱን ማዕዘንና መካከሉን ብቻ እፍኝ እፍኝ ድብልቅ እያኖረ በሦስት ቀን ጨረሰ፤ በቀረው ስፍራ ሁሉ ከሴራሚኩ ሥር አየር ብቻ ነበረ። ሠርጉም በአማረ ወለል ላይ ተደረገ። ከጥቂት ወራት በኋላ በማድ ቤቱ የጋዝ ሲሊንደር ከሰው እጅ አምልጦ ቢወድቅ ሦስት ሴራሚኮች እንደ ቀጭን ብርጭቆ ገቡ። በዚያው ዓመት ከወለሉ ሥር የሚያልፈው አሮጌ የብረት ቧንቧ አንጠባጠበና የግድግዳው እግር ረጠበ፤ ቀዳዳውንም ለማግኘት የማድ ቤቱ ወለል እኩሌታው ተፈለጠ። ሊተኩት በሄዱ ጊዜ ያንኑ ዓይነት ከሱቅ አላገኙም። እኒህ ጎረቤታችን ለአንድ ወለል የሁለት ወለል ዋጋ ከፍለው ዛሬም ወለላቸው ዥጉርጉር ነው። ሲያጫውቱን እየሣቁ ነበር፤ ሣቁ ግን ከጉሮሮ አልወረደም።

በእኛ ቤት ጉዳዩ የተነሣው ባለፈው ዓመት እቁብ በወጣልን ጊዜ ነው። ገንዘቡ ወይ ሳሎኑን በሚያብረቀርቅ ፖርሲሊን ለማልበስ፣ ወይም መታጠቢያ ቤቱንና ማድ ቤቱን ከነቧንቧቸው ለማደስ እንጂ ለሁለቱም የሚበቃ አልነበረም። ባለቤታችን ሳሎኑን መረጠች። «የማኅበሩ ተራ በደረሰን ቍጥር በዚህ በተቦረቦረ ሊሾ ላይ ሰው ሳስቀምጥ የማፍረው እኔ ነኝ፤ አንተማ ትምህርት ቤት ትውላለህ» አለች። እውነቷን ነበር። እናታችን ደግሞ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ዐይናቸውም የደከመ፣ በመታጠቢያ ቤቱ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሁለት ጊዜ አንሸራትቷቸው ግድግዳ ይዘው የተረፉ ናቸው። አሳባቸውን ብንጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ለቀረችኝ ጥቂት ዕድሜ ብላችሁ የእንግዳ መቀበያችሁን አትተዉ። እኔ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ» አሉን።

በዚያ ዕድሜ ዳሌው የተሰበረ ሰው ዳግመኛ በእግሩ ለመሄድ ምን ያህል እንደሚቸገር በሠፈራችን ያየነው ስለ ሆነ፣ በበኩላችን መታጠቢያ ቤቱ ይቅደም አልን። ሁለት ቀን በቤት ውስጥ ዝምታ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ባለቤታችን ቡና እያቀረበች፣ «እንግዲያውስ የሚሠራ ከሆነ ከሥሩ ይሠራ፤ የጎረቤታችንን ዓይነት ከሆነ ግን ገንዘቡ ይቅር» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ቃሏ የተነሣ ነው ብንል አላጋነንም፤ እኛ ትምህርት ቤት በምንውልበት ሰዓት ሠራተኞቹን ስትቈጣጠር የዋለችው እርሷ ነበረችና።

መጀመሪያ የተነካው ቧንቧው ነው። አሮጌው የብረት ቧንቧ ወጥቶ በፕላስቲክ ተተካ፤ ነገር ግን መተካቱ ብቻ አይበቃም፤ ከመሸፈኑ በፊት ውኃ ተሞልቶ በግፊት መፈተን አለበት። በሠፈራችን ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰው ፈረቃው እስኪደርስ መጠበቅ ሰልችቶት ደረቁን ቧንቧ ይደፍነዋል፤ የሚያፈስ መሆኑንም የሚያውቀው ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ ነው። እኛ ግን ውኃው እስኪመጣ ድረስ ሠራተኞቹ ሁለት ቀን ሥራ ፈትተው እንዲቈዩ ሒሳባቸውን ከፈልን። ውኃው በመጣ ጊዜ አንዱ መጋጠሚያ እንደ እንባ ሲያነባ ተገኘ። በሩብ ሰዓት ተጠገነ።

ቀጥሎ የወለሉ ዘቅዛቃነት ነው። የመታጠቢያ ቤት ወለል ወደ ውኃ መውረጃው በየሜትሩ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ መሄድ ይገባዋል። ይህም የሚስተካከለው ከሥር ባለው ሲሚንቶ እንጂ በሴራሚኩ አይደለም። ባለቤታችን ሴራሚኩ ከመምጣቱ በፊት በባዶው ሲሚንቶ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ ደፍታ ቆማ ተመለከተች፤ ውኃው በአንድ ማዕዘን ተኛ፤ ማዕዘኑም ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ከዚህም ጋር መታወቅ ያለበት፣ ሴራሚኩ ራሱ ውኃ ባያሳልፍም መጋጠሚያው የሚያሳልፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ገላ በሚታጠቡበት በኩል ከሴራሚኩ ሥር ውኃ የማያሳልፍ ቅብ መቀባት ያስፈልጋል፤ በወለሉ ብቻ ሳይሆን ውኃው እስከሚረጭበት ድረስ በግድግዳውም ላይ።

ስለ ጭቃ ግድግዳ ጥቂት እንጨምር፤ በሠፈራችን ብዙ ገንዘብ የጠፋው በእርሱ ነውና። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ በውስጡ ያለውም እንጨት እንዲሁ ይንቀሳቀሳል። ሴራሚክ ግን አይንቀሳቀስም። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲጣበቁ የሚለቀው ሴራሚኩ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከነልስኑ እንደ ሉህ ተገንጥሎ ይወርዳል፤ ከሥሩ ሕፃን ቢኖር ምን እንደሚሆን አንባቢ ያስበው። እኛ በገላ መታጠቢያው በኩል ከጭቃው ግድግዳ ፊት ቀጭን የብሎኬት ግድግዳ አስቁመን ሴራሚኩን በብሎኬቱ ላይ አስለጠፍን። ክፍሉ ጥቂት ጠበበ፤ ባለቤታችንም ይህን አልወደደችውም ነበር።

ሌላው አፈሩ ነው። ቤቱ ዋልካ በሆነ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ እንደ ሆነ፣ አፈሩ በክረምት ያብጣል በበጋም ይሰነጠቃል፤ ወለሉም ከእርሱ ጋር ይነሣል ይወርዳል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መጥራት የማይችል ሰው እርሳስ ይበቃዋል። በሊሾው ስንጥቅ ላይ አግድም መስመር አስምሮ፣ ስፋቱን ለክቶ፣ ዕለቱን ከጎኑ ይጻፍ፤ ከበጋ እስከ ክረምት ይመልከተው። ስንጥቁ እንደ አፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ በላዩ የሚነጠፍ ሴራሚክ ሁሉ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። መድኃኒቱም ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በገረጋንቲና በድንጋይ መተካት፣ ከዚያ በላይ አዲስ ወለል ማፍሰስ ነው። ይህ ከሴራሚኩ ይልቅ የሚያስወጣ ስለ ሆነ ዐቅም እስኪገኝ ሊሾውን እንዳለ መተው ይሻላል እንላለን።

አሁን ወደ ሴራሚኩ እንመለስ። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ኬራሞስ ሸክላ ማለት ነውና። ይህን ማወቅ ለቃል ጥናት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። እንስራ ውኃ ተሞልቶ ሲያድር ውጪው እንደሚያልበው፣ ሸክላ ሁሉ እንደ አተኳኰሱ ውኃ ይጠጣል። ለግድግዳ የሚሠራው ሴራሚክ ጀርባው ብዙ ይጠጣል፤ በዓለም አቀፍ መለኪያ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውኃ የሚመጥ ነው። ፖርሲሊን የሚባለው ግን በብርቱ እሳት ስለ ተተኰሰ ከ0.5 በመቶ በላይ አይመጥም። ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው በሲሚንቶ ሲለጠፍ አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ካልተነከረ የድብልቁን ውኃ መጥጦ ሲሚንቶውን ደረቅ ዱቄት ያደርገዋል። ሁለተኛው ደግሞ ምንም ስለማይጠጣ ተራ ሲሚንቶ አይጨብጠውም፤ ለእርሱ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ያስፈልገዋል።

ለማድ ቤቱ ወለል ፖርሲሊን መርጠን ነበር። የሠራልን ግንበኛ በዕድሜ ከእኛ የሚበልጥ፣ እጁም የተባረከ ሰው ነው። ማጣበቂያውን ባየ ጊዜ፣ «መምህር፣ ይኼ ገንዘብ ማባከን ነው፤ እኔ ሠላሳ ዓመት በሲሚንቶ ነው የሠራሁት» አለን። «ጋሼ፣ የጥንቱ ሴራሚክ ውኃ ይጠጣ ነበር፤ ይኼኛውን እስቲ ይዩት» ብለን በአንዱ ጀርባ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ አደረግን። ውኃው እንደ ጤዛ ኳስ ሆኖ ቆመ። በግድግዳው ሴራሚክ ጀርባ ላይ ያንኑ ብናደርግ ወዲያው ተመጠጠ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከተመለከተ በኋላ፣ «አዬ፣ ቤቴል የሠራሁት ቤት የተነሣብኝ ለካ በዚህ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ሥራውን በሙሉ ልብ ያዘው፤ ማጣበቂያውንም በጥርስ ባለው ማንኪያ በጀርባው ሁሉ እየዳመጠ አንድም ባዶ ስፍራ አልተወም።

የክፍሉ ማዕዘን ትክክል መሆኑን ለመፈተን በትምህርት ቤት የምናስተምረውን ተጠቀምን። ከማዕዘኑ በአንደኛው ግድግዳ 3 ሜትር፣ በሁለተኛው 4 ሜትር ተለክቶ፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። የእኛ ማድ ቤት 5 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ክፍል ከግድግዳ ተጀምሮ ቢነጠፍ በበሩ በኩል የሚደርሰው ሴራሚክ በአንድ ወገን ሰፊ በሌላው ቀጭን ሽብልቅ ይሆናል። ስለዚህ ሴራሚኩ ሳይጣበቅ አስቀድሞ በደረቁ ተደርድሮ ታየ፤ ሽብልቁም ቁም ሣጥን በሚቆምበት ወገን እንዲውል ተደረገ። በዚሁ ጊዜ የበሩ ጉዳይ ታሰበ። የድብልቁና የሴራሚኩ ውፍረት አንድ ላይ ወለሉን 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ የብረት በር ያለው ሰው ከሥራው በኋላ በሩ አልከፈት ሲለው ብየዳ ሠራተኛ ጠርቶ ያስቈርጣል። እኛ በሩን አስቀድመን አስነቀልን። ሴራሚክ ሲቈረጥም በውኃ እየረጠበ እንዲሆን አጥብቀን እንመክራለን፤ ደረቁ አቧራ ለሳንባ ክፉ ነው።

ስለ ግዢው ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው። ማድ ቤታችን 3 በ4፣ ማለት 12 ካሬ ነው። 60 በ60 የሆነው ሴራሚክ በካርቶን አራት ሲሆን አንዱ ካርቶን 1.44 ካሬ ይሸፍናል። ለቍራጭና ለስባሪ ከመቶ ዐሥር ሲጨመር 13.2 ካሬ ይሆናል፤ ስለዚህ ዐሥር ካርቶን ተገዛ። ሁሉም በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ መገዛት አለበት፤ በካርቶኑ ላይ የታተመው የቀለምና የልክ ቍጥርም በየካርቶኑ አንድ መሆኑ ይታይ። ስሙ አንድ ሆኖ ቍጥሩ የተለየ እንደ ሆነ፣ በመርካቶ የሱቅ መብራት የማይታየው ልዩነት በቤት ውስጥ በፀሐይ ጊዜ ይታያል። «የጐደለውን ኋላ እገዛለሁ» ማለት በዋጋም በኩል አደገኛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ማለፉን፣ ከውጭ የሚመጣውም ዕቃ ዋጋ አብሮ መነሣቱን ያልቀመሰ ቤተ ሰብ የለም።

የተረፈውንም መሸጥ ወይም መስጠት አይገባም። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ አርቱሮ መዘዲሚ የነደፈው፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግመኛ በተከፈተ ጊዜ፣ የውጪው ግድግዳ ትንንሽ ሸክላዎች በቀድሞው ቀለማቸው አምሳል በአዲስ ተሠርተው ተተክተው ነበር። ለተባበሩት መንግሥታት ይህ ይቻላል። ለእኛ ለአንዲት የተሰበረች ሴራሚክ ምድጃውን የሚያነድ ፋብሪካ የለም፤ ስለዚህ የተረፉት ሁለት ካርቶኖች ከእናታችን አልጋ ሥር ተቀምጠዋል።

ለመታጠቢያ ቤቱ ወለል ግን የሚያብረቀርቀውን ከቶ አላየነውም። ደብዛዛና ሸካራ የሆነ፣ 30 በ30 ልክ ያለውን መረጥን፤ ሴራሚኩ ሲያንስ መጋጠሚያው ስለሚበዛ ለእግር መያዣ ይሆናል። በሱቁ ደጃፍ ናሙናዎቹን በውኃ አርሰን፣ ጫማ አውልቀን በባዶ እግራችን ስንረግጣቸው ነጋዴው ሣቀብን። ሦስቱ አንሸራተቱ፣ አንዱ ያዘ፤ ያንኑ ገዛን። ዋጋውም ከሦስቱ ያነሰ ነበር።

ሥራው ካለቀ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም እንዳይረግጠው ተከለከለ፤ ከዚያም መጋጠሚያው ተሞላ። ከግድግዳው ሥር ዙሪያውን የጣት ስፋት የሚያህል ክፍተት ተትቶ በዞኮሎ ተሸፈነ፤ ወለሉ በሙቀትና በብርድ ሲለጠጥ መንቀሳቀሻ ይፈልጋልና። ከግንበኛው ጋር በተስማማነው መሠረት ከክፍያው አንድ አምስተኛው እስከ 28 ቀን ድረስ ተቈይቶ፣ ሲሚንቶው ኃይሉን ባገኘ ጊዜ የአንድ ብር ሳንቲም ይዘን ሴራሚኩን አንድ በአንድ መታነው። ጋሼም አብሮን ተንበርክኮ ነበር። ሁለቱ ብቻ ባዶ ድምፅ ሰጡ፤ ያለ ክርክር አንሥቶ ተካቸውና የቀረውን ገንዘቡን ተቀበለ። ወይዛዝርት አንባብያን ደግሞ የከሰል ምድጃውን በሴራሚኩ ላይ በቀጥታ እንዳያስቀምጡ እንለምናለን፤ ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል፤ ከሥሩ ወፍራም ሰሌዳ ወይም ጡብ ይደረግ።

እናታችን አሁን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሲገቡ ግድግዳ አይይዙም። የማኅበሩ ተራ የደረሰን በኅዳር ነበር፤ ባለቤታችን በሳሎኑ ሊሾ ላይ ቄጠማ አብዝታ ጐዘጐዘችበት፤ ስንጥቁን ያየ ሰው ካለም አልተናገረም። የሚቀጥለው እቁብ በግንቦት ይወጣልናል ብለን እንጠብቃለን። በሳሎኑ ስንጥቅ ላይ በጥር ያሰመርነው የእርሳስ መስመር ስፋቱ አራት ሚሊ ሜትር ነበረ፤ በነሐሴ ስንለካው ሁለት ሆኖ አገኘነው፤ በዚህ ጥር ደግሞ እንደገና እንለካዋለን።